ወረቀቱ ስለ ክረምት አይናገርም

አሥመራ፣ ጥር 12 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ደብረወርቅ፣ ወረታ።

ከሁሉ አስቀድሜ ከባለቤትዎ ከጋሼ በላቸውና ከቤቱ ሰው ሁሉ ጋር እንደምን ከረሙ እላለሁ። የጣራ ገዳም ጸሎት አይለይዎ። እኔ በእርስዎ ምርቃት ደኅና ነኝ፤ የሚያስቸግረኝ የአሥመራ ብርድ ብቻ ነው።

ባለፈው ደብዳቤዎ በመንገዱ ዳር ባለው ቤትዎ ሁለት ክፍል ለመንገደኛ እንዳዘጋጁ ጽፈውልኛል። ከጎንደር የመጣው እንግዳም ከባሕር ዳር የመጣውም ገና ጓዙን ሳያወርድ ሽንት ቤቱ ወዴት ነው እንደሚልዎ፣ እርስዎም እጅዎን ወደ ሜዳው መዘርጋት እንደ ሰለቸዎት ነግረውኛል። ሳነበው አፈርሁ። የወንድምዎ ልጅ በዚህ ሙያ ላይ እያለ አክስቱ ለእንግዳ ሜዳ ታሳያለች?

ስለዚህ በሾፌሩ በደሳለው እጅ አንድ ነጭ የሸክላ ሳህንና አራት ቱቦ ልኬልዎታለሁ። አንደኛው ቱቦ የታጠፈ ነው፤ በእጥፋቱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ስለሚቀር ሽታው ወደ ቤት አይመለስም። አሠራሩን በወረቀት ነድፌዋለሁ። ጉድጓዱ ከቤቱ ዝቅ ካለው ቦታ ይቆፈር፤ ጥልቀቱ ስምንት ክንድ ይሁን። ቱቦው ከቤት ወደ ጉድጓዱ ያዘቅዝቅ። እንግዳው ሲጨርስ አንድ ጣሳ ውሃ ያፈስበታል፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

በዚህ አገር እንዲህ ያለው ሥራ በየቀኑ በእጄ ያልፋል። ጋሼ በላቸው ከወረቀቱ ሳይወጡ ይሥሩት።

የዘወትር ናፋቂዎ፣ ያየህ

*

ወረታ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለያየህ፣ አሥመራ።

እንዴት ሰነበትህ? አባትህን በአፈር የያዘች አገር አንተንም በደኅና ታግባህ። እኛ ደኅና ነን። ይህን የሚጽፉልኝ መሪጌታ ተክለ ማርያም ናቸው። ያልሁትን ሁሉ ሳይቀንሱ እንዲጽፉ ተስማምተናል።

ሳህንህ ሳይሰበር ደርሷል። ደሳለው ከሊማሊሞ ዳገት ጀምሮ በብርድ ልብሱ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። በላቸው ጉድጓዱን በቀን ሠራተኛ ሦስት ሳምንት አስቆፈረው። ዋልካው በዚህ ወር እንዴት እንደሚሰነጠቅ ታውቃለህ፤ ስንጥቁ ክንድ ይውጣል፣ መሬቱ ግን እንደ ድንጋይ ነው። ዝቅ ያለ ቦታ ብለሃልና ከጓሮው ጥግ፣ የዝናቡ መውረጃ የፈሰሱ አፍ ካለበት አስቆፍሮታል። ከዚያ የበለጠ ዝቅታ በግቢያችን የለም።

እንግዶቼ ደስ ብሏቸዋል። ከሐሙሲት ድረስ ሊያዩት የመጡ ሴቶች አሉ። ጎረቤቴ ዘሊካ እንኳ ገብታ አይታ፣ "አንች፣ ይኸ'ኮ ከምግብ ሳህን ያምራል" ብላ አሳቀችኝ። የወንድሜ ልጅ አሥመራ ላይ መሐንዲስ ሆኗል እያልሁ ለሁሉም ተናግሬያለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወረቀትህን መሪጌታ ሦስት ጊዜ አነበቡልኝ፤ ስለ ክረምት የሚናገር ቃል አላገኙበትም። በነሐሴ ርብ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ውሃ ሲሆን ይኸ ጉድጓድ ምን ይሆናል? ይህን ሳትመልስልኝ እንዳትቀር።

አክስትህ ደብረወርቅ

*

አሥመራ፣ ሰኔ 25 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ።

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ሥራው ስላማረ ደስታዬ ወሰን የለውም። ጨርቅ፣ የቅል ስባሪ፣ የቀዘቀዘ የወጥ ቅባት ወደ ሳህኑ እንዳይጣል እንግዶችዎን ያስጠንቅቁ፤ ቱቦ የሚደፈነው በዚህ ነው። ውሃ የሚፈስበት ጣሳም ከሌላ ዕቃ ጋር አይደባለቅ።

ክረምቱን በተመለከተ፣ በወረቀቱ መሠረት ከተሠራ የሚያሰጋ ነገር አይኖርም።

ሥራ ስለ በዛብኝ አሳጥሬዋለሁ። ጋሼ በላቸውን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ።

ያየህ

*

ወረታ፣ ነሐሴ 22 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለያየህ።

ጤናህን ጠይቂ ብለውኝ መሪጌታ ብዕራቸውን ይዘው ጠበቁ። እሺ፣ እንዴት ነህ። አሁን ስማኝ።

ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ከቀትር በኋላ ከጎንደር አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ መጣ። ካባ የለበሰ፣ ቦርሳ የያዘ ጨዋ ሰው ነው። የደጁን ክፍል ሰጠሁት። ዝናቡ አራት ቀን ሙሉ አላባራም ነበር። ሰውየው ወደ ሳህንህ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ሱሪውን በሁለት እጁ እንደ ያዘ እየሮጠ ወጣ። ከኋላው ያ ነገር ተከተለው።

"ያ ነገር" ያልሁት እኔ አይደለሁም። እኔ ስሙን ጠርቼው ነበር፤ መሪጌታ ግን በዚህ ብዕር ዳዊት ስለምጽፍ አልጽፈውም አሉኝ። እኔ ሁለት ቀን በእጄ ስጠርገው የዋልሁትን እሳቸው ሊጽፉት ተጸየፉ። ይሁን፣ ነገር እንበለው። ነገሩ ከሳህኑ እየፈላ ወጣ። መድረኩን አለፈ፣ ምንጣፉን አነሣው፣ የጸሐፊው ጫማ ሲንሳፈፍ በዓይኔ አየሁት። የእኛ የአራት ወር ነገር፣ የሾፌሩም፣ የመምህሩም፣ የነጋዴውም፣ ሁሉም ወደ ቤቴ ተመለሰ።

በዚህ ቢያበቃ አፌን ዘግቼ እቀመጥ ነበር። ቤት ይታጠባል። ነገር ግን ጉድጓዱ ከላይም ሞልቶ ፈሰሰ፤ ፈሶም ወደ ዘሊካ ግቢ ወረደ፤ ወርዶም የውሃ ጉድጓዷ ውስጥ ገባ። ከዚያ ጉድጓድ እኔም እሷም ሃያ ሁለት ዓመት ቀድተናል። ልጆቻችን ሲወለዱ የታጠቡት በእሱ ነው። እሷ በሮመዳን ስትጾም እኔ እቀዳላት ነበር፤ እኔ በሑዳዴ ሲደክመኝ እሷ ትቀዳልኛለች።

ዘሊካ አልጮኸችም። መጥታ አየች። ከዚያ ባሏ መሐመድሰዒድ ትልቅ ድንጋይ አንከባሎ የጉድጓዱን አፍ ገጠመው። "እህቴ፣ ከአንች ጋር ጠብ የለኝም" አለችኝ። "ውሃው ግን ከእንግዲህ ውሃ አይደለም።" ይኸው በየቀኑ እንስራዋን አዝላ በደጄ በኩል አልፋ በዚያ ጭቃ እስከ ወንዝ ትወርዳለች። ሰላምታም ትሰጠኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚያዝያ የጠየቅሁህን አስታውስ። የሚያሰጋ ነገር አይኖርም ብለህ የጻፍኸው ደብዳቤ እዚህ ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ደብረወርቅ

*

አሥመራ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ደብረወርቅ።

እንቁጣጣሹና መስቀሉ እንደምን አለፈ? ደብዳቤዎ ደርሶኝ እጅግ አዝኛለሁ። መልሱ የዘገየው ነገሩን በሚገባ ለማጥናት ስለ ፈለግሁ ነው።

እንደ ተረዳሁት ስህተቱ የአሠራሩ አይደለም። ጋሼ በላቸው ጉድጓዱን ከፈሰሱ አፍ ማስቆፈር አልነበረባቸውም። ፈሰስ ማለት የግቢውን ዝናብ ሁሉ ሰብስቦ የሚያወጣ ቦይ ነው። ያ ሁሉ ጎርፍ ከገባበት የትኛውም ጉድጓድ ይሞላል። ወረቀቱ ላይ ከፈሰስ ጋር አገናኙ የሚል የለም።

ለጊዜው ሳህኑን በእንጨት ውታፍ ድፈኑት። የዘሊካ ጉድጓድ ኖራ ይጨመርበት። ለኖራውና ለድካምዎ ይሆን ዘንድ በደሳለው እጅ ጥቂት ብር ልኬያለሁ።

ያየህ

*

ወረታ፣ ኅዳር 24 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለያየህ።

ብርህን ለደሳለው መልሼ ሰጥቼዋለሁ። ሳይቆርስ ያድርስልህ። ከአንተ ብር የጠየቀ ሰው የለም።

በላቸውን ወቅሰሃል። ልክ ነህ፣ ጥፋት አለበት፤ ሰኔ ሲገባ ደግሞ ፈሰሱን ራሱ ጠርጎ ወደ ጉድጓዱ እንዳስገባው ከእኔ ስማ። "ዝናቡ ያጥብልናል፣ አንድ ጣሳ ውሃ ካጠበው ጎርፍማ ይበልጥ ያጥበዋል" አለ። ዕድሜ ልኩን ሰኔ በገባ ቁጥር ውሃን ወደ ዝቅታ መምራት ነው ሥራው፤ እጁ ሌላ አያውቅም። ይህን ሲነግረኝ እንደዚያ ዕለት ተናድጄ አላውቅም። እሱ ግን አልካደም። በሽማግሌ ፊት ቆሞ "እኔ ነኝ ያስገባሁት" ብሏል። አንተስ? የፎገራ ልጅ አይደለህም? ርብ ሲሞላ በጀርባው ተሸክሞ ያሻገረህ ይኸው በላቸው ነው። ዝቅ ያለ ቦታ ቆፍሩ ብለህ ስትጽፍ ዝቅ ያለው ቦታ በነሐሴ ምን እንደሚሆን አታውቅም ነበር?

ደግሞ ፈሰሱ ባይገባበትም ይሞላ ነበር። ፈሰሱን በነሐሴ መጨረሻ ዘግተነዋል፤ ውሃው ግን ከታች፣ ከመሬቱ ውስጥ እየመጣ ጉድጓዱን እስከ አፉ ሞልቶት ከረመ። በዚያ ሰሞን በላቸው ጓሮ ቁጭ ብሎ ጎተራውን ሲያይ ዋለ። ማታ ገብቶ ምን አለኝ መሰለህ፤ "ደብረወርቅ፣ እህሉን ውሃ እንዳይደርስበት በድንጋይ እግር ላይ አቆምነው። ድንጋዩ ላይ የጎርፉ ምልክት አለ፣ በየዓመቱ አየዋለሁ። ከዚያ ምልክት በታች ያለ ነገር ሁሉ በክረምት የውሃው ነው። እኛ ሽንት ቤቱን ከምልክቱ በታች ቀብረን ይቀመጥልናል አልን።" ፊደል ያልቆጠረ ሰው የተናገረውን አንተ በወረቀት አልጻፍኸውም።

ኖራውን ጨምረናል። ዘሊካ ግን አልቀመሰችም። ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄዶ ከእኛም ከእነሱም ሦስት ሦስት ሰው ተቀመጠ። የተፈረደው ይኸ ነው፦ ክረምት ሳይገባ የዘሊካ የውሃ ጉድጓድ እስከ ደለሉ ይጠረግ፤ ያበላሸው ሰው ራሱ ወርዶ ይጥረገው፤ ጠርጎም ከውሃው መጀመሪያ ይጠጣ። በላቸው እኔ እወርዳለሁ ብሎ ተነሣ። እግሩ እንዴት እንደ ሆነ ታውቃለህ፤ ከደረጃ መውረድ ያቅተዋል። መሐመድሰዒድ ራሱ "አይሆንም፣ ገድለነው ነው የምንታረቀው?" ብሎ አስቀመጠው። ማን ይውረድ የሚለው ሳይቆረጥ ተነሣን። ሰው ለውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ያገኛል፤ ያ ነገር የገባበትን የሚወርድ ግን በወረታ የለም።

ወረቀት አትላክ። ብር አትላክ። ኖራ ጨምሩ፣ ውታፍ ድፈኑ አትበለኝ። አንተ ና።

ደብረወርቅ

*

አሥመራ፣ የካቲት 18 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ።

ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። ይህን ደብዳቤ መሪጌታ ቀስ ብለው ያንብቡልዎ፤ ሌላ ሰውም ባይኖር እወዳለሁ።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ቧንቧ ገጣሚም አይደለሁም። ያንን ንድፍ የሠራተኛ አለቃችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ነው የገለበጥሁት። የእኔ ሥራ የሞላውን ጉድጓድ መጥረግ ነው። ሰው ቤቱ ውስጥ እርስዎ ያዩት ነገር ሲመጣበት እኛን ይጠራል። ሁለት ሰው ከላይ ገመድ ይይዛል፣ እኔ እወርዳለሁ፣ በባልዲ አወጣለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በየቀኑ በእጄ ያልፋል ብዬ የጻፍሁልዎ ውሸት አልነበረም፤ ግን እውነቱን እንዲያውቁ ብዬ አልጻፍሁትም።

በሚያዝያ ስለ ክረምት ሲጠይቁኝ ፎገራ ላይ ውሃ ከታችም እንደሚመጣ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እዚህ መሬቱ ደረቅ ነው፤ ጉድጓድ የሚሞላው ከላይ በገባበት ብቻ ነው። ንድፉ ለዚህ አገር ነው። አላውቅም፣ አትጠቀሙበት ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። መሐንዲስ ሆኗል ብለው ለሰው እንደ ተናገሩ እዚያው ደብዳቤ ላይ ስላነበብሁ እጄ እንቢ አለኝ። በጋሼ በላቸው ማሳበቤም ነውር ነው፤ ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

እስከ ዛሬ ለምን አልመጣም ቢሉ፣ እነሆ ምክንያቱ። አሥራ ሁለት ጊዜ ታጥቤ ራት የምበላ ሰው ነኝ። እዚህ ከእኔ ጋር አንድ ገበታ የሚቀርበው የገመዱ ጓደኞቼ ብቻ ናቸው። ያንን ይዤ እናንተ ቤት መግባት ፈራሁ።

ያየህ

*

ወረታ፣ መጋቢት 9 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለልጄ ለያየህ።

መሪጌታ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበቡልኝ። በመጀመሪያው አለቀስሁ፤ በሁለተኛው ተናደድሁ። የምጽፍልህ በሁለተኛው ነው።

ጠራጊ በመሆንህ የተናደድሁ መስሎህ ከሆነ አታውቀኝም። እኔ ያን ነገር በእነዚህ እጆቼ ሁለት ቀን አውጥቻለሁ፤ በዚያው እጄ በላሁ፣ ከእኔ ጋር ያልበላ ሰው የለም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ስድስት ሽማግሌ ግራር ሥር ተቀምጦ ማን ይወርዳል፣ የሚወርድ ሰው ከየት ይመጣል እያለ ሲተያይ ዋለ። ዘሊካ ሰባት ወር በጭቃና በአቧራ እንስራ ተሸከመች። በላቸው በአንድ እግሩ ልውረድ አለ። የሚወርደው ሰው የእኔው ልጅ ነበር። ጉድጓድ መጥረግ ታውቃለህ፣ ገመድ ታውቃለህ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሠርተሃል፤ እኛ እሱን ስንፈልግ አንተ ወረቀት ትልክልናለህ። ሙያህን ደብቀህ የሰው ሙያ ላክህልን። በዚህ እስከምሞት እቆጣሃለሁ።

ለሽማግሌዎቹ ነግሬያቸዋለሁ። አትቆጣ፤ ብትቆጣም ግድ የለኝም። መሐመድሰዒድ ሰምቶ ምን አለ፣ "ታዲያ ይኸን እስከ ዛሬ ለምን ደበቅሽን?" እኔ ነኝ የደበቅሁት መሰለው።

ገመድህንና ባልዲህን ይዘህ ና። ከፋሲካ በኋላ፣ ዋልካው ሳይላቁጥ። አንድ ገበታ ነው የምንበላው፤ ይህን መሪጌታ በትልቁ ይጻፉት።

ደብረወርቅ

*

አሥመራ፣ ሰኔ 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴና ለጋሼ በላቸው።

በደኅና ገብቻለሁ። እናንተ ዘንድ የቆየሁባቸው ሃያ ስድስት ቀናት እንዴት እንዳለቁ አላወቅሁም።

አደራ፣ አሮጌው ጉድጓድ አመድና አፈር እንደ ተሞላ ይቅር፤ ማንም ዳግመኛ እንዳይከፍተው። ለአዲሱ ሽንት ቤት፣ ነገሩን እንዲይዝ ከጎርፉ ምልክት በላይ በድንጋይ ከፍ አድርገን ከሠራነው ግንብ ዙሪያ አፈሩ በዝናብ ከተሸረሸረ ወዲያው ይሞላ። ጋሼ ፈሰሱን በሌላው በኩል እንዳወጡት ይቀጥሉ። የዘሊካ ጉድጓድ አፍ ላይ የሠራነው ክብ ግንብ ቢሰነጠቅ በጭቃ ሳይሆን በሲሚንቶ ይለሰን።

ደለሉን ጨርሼ ስወጣ ዘሊካ በቅል የሰጠችኝን ውሃ ጠጣሁ፤ እሷ ግን አልጠጣችም። "በነሐሴ አያለሁ" ነው ያለችኝ። እውነት አላት። እኔም እስከ ነሐሴ እንቅልፍ የለኝም። የሆነውን ሁሉ፣ መጥፎም ቢሆን ጻፉልኝ።

ያየህ

*

ወረታ፣ መስከረም 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለያየህ፣ አሥመራ።

አዲሱን ዓመት ከደኅና ወሬ ጋር ያድርግልህ። ከአሮጌው ወሬ ልጀምር።

ርብ ዘንድሮ ካምናው በለጠ። ጓሮው ሐይቅ ሆነ። የጎተራው ድንጋይ ላይ ያለው ምልክት አንድ ጣት ሲቀረው ውሃው ቆመ። እኛም ሳህንህ ካለበት ከአምስተኛው ደረጃ ላይ ሆነን አየነው። ሳህኑ ደረቅ ነው። አንድ የመንገድ መሐንዲስ፣ እውነተኛ መሐንዲስ፣ ሦስት ቀን አድሮ በየጊዜው እየወጣ እየወረደ "ይህን ማን ሠራው?" ብሎ ጠየቀኝ። ጉድጓድ ጠራጊ የወንድሜ ልጅና አራሽ ባሌ ናቸው አልሁት። መሪጌታ በዚህ ጊዜ አንተን ለማስደሰት ትንሽ ላሳምረው ብለው ነበር፤ እንቢ ብያለሁ።

ነሐሴ 28 ዘሊካ ድንጋዩን አስነሣች። በብርጭቆ ቀድታ ወደ ፀሐይ ይዛ ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ጠጣች፤ ግማሹን ጠጥታ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔም ጠጣሁ። እንስራዋን ሞልታ ሄደች፣ እኔም የእኔን ሞላሁ።

አሁንም ተቆጥቼሃለሁ። ዘጠኝ ዓመት ትንሽ ነገር አይደለም። ሲሚንቶውን ስትለስን የረሳኸው መለሰኛ እኔ ዘንድ ነው፤ ለደሳለው አልሰጠውም፤ መጥተህ ትወስደዋለህ።

የሐሙሲትና የይፋግ ሴቶች ደግሞ አላስቀምጥ ብለውኛል። እነሱም በድንጋይ እግር ላይ ሊሠሩ ይፈልጋሉ። ወረቀት አትላክ ብዬህ ነበር። አሁን ላክ። ጎተራውን ንደፍበት፣ የውሃውንም ምልክት ንደፍበት፣ ከላይ ደግሞ "ነሐሴ" ብለህ ጻፍበት።

አክስትህ ደብረወርቅ